በልክ የተሰፋ ጋዋን

ሰው ስለ ድሮና ስለ ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲዎች ሲያወራ አልወድም። ሱቄ ውስጥ ሻይ ይዘው ተቀምጠው የእንግሊዙ እንዲህ ነው፣ የካይሮው እንዲያ ነው፣ የአዲስ አበባው በጃንሆይ ጊዜ እንዲህ ነበር ሲባባሉ፣ መቀሴን አነሳና የማይቆረጥ ጨርቅ እቆርጣለሁ። አንዳንዱ ነገረኛ ታዲያ «አንተስ ምን ትላለህ?» ይለኛል፣ ልብስ ሰፊ ስለዚህ ነገር ምን ይላል ብሎ ሊስቅ። ምን እላለሁ? ወጣትነቴን የፈጀሁት በዩኒቨርሲቲ በር ላይ ነው፤ ያውም በውጭ በኩል። የሚመረቁበትን ልብስ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ብናገር ሻያቸው ይመራቸዋል ብዬ፣ ሆዴ ይፍጀው ብዬ ስንት ጊዜ ዝም አልኩ። አሁን ግን ሆዴም ጠገበ መሰለኝ።

አዲስ አበባ የሠራሁበት ሱቅ ከአንጋፋው ዩኒቨርሲቲ በር ፊት ለፊት፣ አስፋልቱን ተሻግሮ ነበር። ከወሎ መጥቼ የልብስ መኪና ላይ የተቀመጥኩት እዚያ ነው። ዓመቱን ሙሉ ሱሪ እናሳጥራለን፣ ዚፕ እንቀይራለን፤ የምረቃ ሰሞን ሲደርስ ግን ሱቁ በጥቁር ጨርቅ ይሞላል። ጋዋን እንሰፋለን፣ እናከራያለን፣ የተቀደደውን እንጠግናለን። አሠሪዬ ሽማግሌ ሰው ነበሩ። ያንን በር ሲከፈትና ሲዘጋ ዕድሜ ልካቸውን አይተውታል፤ አንድ ቀን ግን ገብተውበት አያውቁም።

ሽማግሌው ስለ ጋዋን የማይፈርስ ሕግ ነበራቸው። ጋዋን በልክ አይሰፋም። ትልቅ፣ መካከለኛ፣ ትንሽ፣ በቃ። ተማሪ ማለት እስከ መጨረሻዋ ቀን ድረስ ሊወድቅ፣ ሊባረር፣ ሊታሰር የሚችል ፍጡር ነው፤ በልኩ የሰፋህለት እንደሆነ ልብሱ ባለቤት አጥቶ ይቀራል፣ ለሌላ ሰውም አይሆንም ይሉ ነበር። «ላልተወለደ ልጅ ልብስ አይሰፋም» ብለው ሜትሩን ከእጄ የነጠቁኝ ጊዜ አለ።

ከዚህ ሕግ የሚያልፍ አንድ ሰው ብቻ ነበር። ዩኒቨርሲቲው በየትምህርት ክፍሉ አንደኛ የወጣውን ተመራቂ አስተማሪ አድርጎ እዚያው ያስቀረዋል። ያ ልጅ ውጤቱ በእጁ፣ ቦታው በእጁ ስለሆነ፣ የአስተማሪ ጋዋን በልኩ ይሰፋለታል፤ ሽማግሌው ራሳቸው ተነስተው ይለኩታል። አንድ ዓመት አንደኛ የወጣው የጠላ ሻጭ ልጅ ነበር። እናቱ ሲለካ ልታይ አብራው መጣች፤ ግቢ ብንላት ከደፉ አላልፍ ብላ ቆማ ታለቅሳለች። እሷ ከሄደች በኋላ አሠሪዬ ሜትሩን አንገታቸው ላይ ጣል አድርገው፣ ሕንፃማ ባንክም አለው አሉኝ፤ የማን ልጅ ነህ ሳይል አንደኛውን መርጦ የሚያስቀር ቤት ግን ከዚያ በር ወዲያ ያለው ብቻ ነው አሉ። እኔም አመንኩ። እውነት ይሁን ውሸት እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ውስጡን አላየሁትማ።

እናታችን ስትሞት ታናሽ እህቴ እኔ ላይ ወደቀች። ገና ሕፃን ነበረች። መንግሥት ተለውጦ፣ ሽማግሌውም አርጅተው ሱቁን ሲዘጉ፣ አንድ ያገሬ ሰው ሐርጌሳ ልብስ ሰፊ እንደ ውኃ ይፈለጋል አለኝ። በጅጅጋ አድርገን በቶጎ ውጫሌ ተሻገርን። እህቴ ጭነት መኪና ላይ፣ ሽንኩርት ጆንያ ላይ ተቀምጣ፣ በየመንገዱ የምታየውን ጽሑፍ ሁሉ ጮክ ብላ እያነበበች ነው የደረሰችው።

ሐርጌሳ ያኔ ጣራ አልነበራትም። ግድግዳው ቆሟል፣ ጥይት በሳስቶታል፣ ቆርቆሮው ግን በጦርነቱ ተነቅሎ ተወስዷል። ሰው ከስደት ካምፕ እየተመለሰ የገዛ ቤቱን ፍርስራሽ ይፈልጋል። ተገንጥለን አገር ሆነናል ብለው አውጀዋል፣ አገር ብሎ ያወቃቸው ግን የለም። ዋሄን ገበያ ውስጥ፣ ብር መንዛሪዎቹ ሽልንጉን እንደ ጡብ ከምረው ከሚቀመጡበት ጀርባ፣ የልብስ መኪናዬን የማስቀምጥበት ጥግ አገኘሁ፤ ለማደሪያ መሐመድ ሞጌ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራየን። ጎረቤቶቻችን «ሐበሻው» ይሉኛል፤ ክፋት የለበትም። ዒድ ሲሆን ከሥጋው ይልኩልናል፣ እህቴ ስትታመም ወተት ያመጣሉ። ሕዝቡን አላማም። ብዙዎቹ ስደቱን ያሳለፉት እኛ አገር ነው፤ እንግድነት ምን እንደሆነ ከእኔ ይበልጥ ያውቁታል። ለዚህም ነው በኋላ የሆነው ነገር አንጀቴን የቆረጠው።

እዚያ አገር ሰው ሲተዋወቅ ስምህን ብቻ ጠይቆ አይተውህም። አባትህን፣ አያትህን፣ ቅድመ አያትህን እያለ እስከ ላይ ያወጣሃል። ልጆቻቸው ፊደል ሳይለዩ የአባቶቻቸውን ስም እንደ ዱዓ ያነበንባሉ። እህቴን ትምህርት ቤት ሳስገባት ጓደኞቿ ዘርሽን ቁጠሪ ይሏታል፤ እሷ አባትና አያት ብላ ትቆማለች። ሌሎቹስ ሲሏት «መኪናው ሞልቶ ወሎ ቀሩ» ትላለች። ይስቃሉ፣ እሷም ትስቃለች። ሶማሊኛውን በዓመቱ እንደ ልጆቹ አወራችው፤ እኔ እስከ ዛሬ የገበያውን ብቻ ነው የማውቀው።

ዓመታት አልፈው እህቴ ትምህርት ቤት ልትጨርስ ስትል፣ ሰው ዶክተሩ የሚላቸው አንድ ሰው ሱሪ ሊያሳጥሩ ወደ ሱቄ መጡ። ጢማቸውን ሒና የተቀቡ፣ ረጅም፣ ድምፃቸው ለስላሳ ሰው። እንግሊዝ አገር ከአንድ ጥንታዊ ዩኒቨርሲቲ ተምረው፣ እዚያው አስተምረው፣ አገሬን ልሥራ ብለው ተመልሰዋል። 26 ጁን የሚባለው ሰፈር ጦርነቱ ያፈረሰው አንድ የድሮ ትምህርት ቤት ነበር፤ መሬቱን አንድ የተከበሩ የጎሳ ሽማግሌና ዘመዶቻቸው ለግሰው፣ እዚያ ላይ ኮሌጅ ሊከፍቱ ነው። ሱሪያቸውን እስክጨርስ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለው ስለ ድሮ ዩኒቨርሲቲያቸው ያወሩልኛል። እዚያ አስተማሪ ብቻ የሚረግጠው፣ ተማሪ ዞሮ የሚያልፈው ሣር አለ አሉኝ። እኔም ስለዚያ የአዲስ አበባ በር አወራኋቸው፤ በጣም ወደዱኝ። ከዚያ ወዲያ ሱሪ ባይኖራቸውም ይመጡ ነበር።

ሣሩንም ተከሉት፤ ጉድ እኮ ነው። ገና ጣራው ሳይለብስ፣ ሰው የሚጠጣው ውኃ በአህያ ጋሪ እየተጎተተ በሚመጣበት ከተማ፣ ግቢው መሀል ሣር ተከሉ። ውሎ ሳያድር የሰፈሩ ፍየሎች ገብተው ድራሹን አጠፉት። ዶክተሩ ፍየሎቹን በእንግሊዝኛ ሲሳደቡ ያዩ አሉ። ያኔ ስቄያለሁ። ሣር ብቻ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬም በሳቅኩ።

ኮሌጁ የተከፈተ ቀን እህቴን ይዤ ሄድኩ፤ ሒሳብ ልትማር ተመዝግባለች። የጨርቅ ዳስ ተጥሎ፣ መሬቱን የሰጡት ሽማግሌዎች ከፊት፣ ወላጆች ከኋላ ተቀምጠናል። ዶክተሩ ተነሱና ያንን ለስላሳ ድምፅ ትተው ጮክ አሉ። የድሮዎቹን ዩኒቨርሲቲዎች ታላቅ ያደረጋቸው ድንጋዩ አይደለም አሉ። መጽሐፉም አይደለም፤ መጽሐፍ ይገዛል። እነሱን ከሌላው የለያቸው አንድ ነገር ነው፤ አንደኛ የወጣውን፣ የማን ልጅ ነው ሳይሉ፣ አስተማሪ አድርገው ያስቀሩታል። እኛም ከመጀመሪያዎቹ ተመራቂዎቻችን አንደኛ የሚወጣውን እናስቀራለን፣ ወላሂ አሉ። ሰው አጨበጨበ፣ ሽማግሌዎቹም አጨበጨቡ። የአሠሪዬ ቃል ነበር እኮ! አዲስ አበባ በር ላይ የሰማሁትን፣ ከእንግሊዝ የመጣ ሰው ሐርጌሳ ላይ ደገመው። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች አንድ ነገር ከተናገሩ እውነት ነው ብዬ ደመደምኩ። እህቴን ጎሸም አድርጌ፣ ሰማሽ? አልኳት። ሰምታለች።

ከዚያ በኋላ የኖርነው ለዚያች ቃል ነው። ሌላ ነገር አልነበረንም። እህቴ ትምህርት በሌላት ሰዓት ሱቅ መጥታ ቁልፍ ትተክላለች፣ ቅምቅማት ትሰፋለች፤ ከዚያ የጨርቅ ጠመኔዬን ታነሳና መቁረጫ ጠረጴዛዬ ላይ ሒሳቧን ትዘረጋዋለች። ደንበኛ ሲመጣ በክንዴ ጠርጌው ጨርቅ አነጥፋለሁ፤ ትጮህብኛለች። ሰው ሠርግ ላይ የለበሰው ስንት ኮት ውስጡ የእህቴ ቁጥር ታትሞበት ሄዷል መሰላችሁ! በየጊዜው ውጤት ሲወጣ አንደኛ እሷ ናት። ሁለተኛው ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ልጅ ነው፤ መሬቱን የሰጡት ሽማግሌ የወንድም ልጅ። የከበደውን ጥያቄ ይዞ ሱቅ ድረስ ይመጣል፣ እሷም ጠረጴዛው ላይ ታስረዳዋለች። ረጅም፣ ትከሻው ሰፊ፣ ዓይነ አፋር፣ ጨዋ ልጅ ነበር። ክፉ ቢሆን ምነው፤ ክፉ ቢሆን ለእኔም ይቀለኝ ነበር።

የመጨረሻው ዓመት ላይ ዶክተሩ ምረቃው እንደ ድሮዎቹ መሆን አለበት ብለው፣ ከዱባይ የመጣ ጥቁር ጨርቅ በጥቅል አሸክመው መጡ። የተማሪዎቹን ጋዋን፣ እጅጌው ሰፊ ኮሌታው ሰማያዊ የሆነውን የአስተማሪዎቹንም እንድሰፋ አዘዙኝ። ልባቸው ሙሉ ነበር፤ መድረኩን፣ ሰልፉን፣ ሁሉን በእጃቸው እያሳዩ አወሩልኝ። ሊወጡ ሲሉ ዞር ብለው፣ አንድ ተጨማሪ የአስተማሪ ጋዋን ስፋ አሉኝ፤ አንደኛ የወጣው ሰው መድረክ ላይ የተማሪውን አውልቆ እሱን ይለብሳል።

«በምን ልክ?» አልኳቸው።

ሳቁ። «ልኩን ከእኔ በላይ የምታውቀው አንተ ነህ» አሉኝ።

እንዲህ ነው ያሉኝ። ከራሴ ያመጣሁት ነገር የለም። በነጋታው እህቴን አስቁሜ ለካኋት። ውጤት ሳይወጣ? ብላ ተቆጣች፤ ያንተ ሽማግሌ ምን ነበር የሚሉት? አለችኝ። ሽማግሌው ይህን አገር አያውቁትም ብዬ ሜትሩን ትከሻዋ ላይ ዘረጋሁ። ትከሻዋ ጠባብ ነው፣ ቁመቷም አጭር፤ የእናታችን አካል ነው የወጣላት። ያንን ጋዋን እንደ ሙሽራ ልብስ ነው የሰፋሁት። አንድ ነገር ብቻ የልማዴን አደረግሁ፤ ትከሻው ላይ፣ ጎኑ ላይ፣ እጅጌና ቅምቅማቱ ላይ ትርፍ ጨርቅ ወደ ውስጥ አጥፌ ተውኩ። ትወልዳለች፣ ትወፍራለች፣ ዕድሜዋን ሙሉ ትለብሰዋለች ብዬ። ያ ትርፍ ነው ጉድ የሠራኝ።

ስጨርስ አለበስኳት። በተሰነጠቀችው መስታወቴ ራሷን አየችና ሳቋን መያዝ አቃታት። ጠመኔውን አነሳች፣ ጠረጴዛውን ሁለቴ መታ መታ አድርጋ፣ ከኋላ የተቀመጥከው ተማሪ፣ ተነስና መልስ አለችኝ። ተነሳሁ። አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ የማይሆን ነገር መለስኩ። ልብስ መስፋት ይሻልሃል አለችኝ። የዚያን ቀን ያህል ደስታ ቤታችን ገብቶ አያውቅም፣ ከዚያም ወዲህ አልገባም።

ውጤቱ ግድግዳ ላይ ሲለጠፍ ከላይ ያለው ስም የእሷ ነበር። የመሐመድ ሞጌ ጎረቤቶቻችን እልል አሉ፣ ሐልዋ በሰሐን ይዘው መጡ። አንዷ አሮጊት፣ እሰይ ልጃችን አስተማሪ ሆነች ብላ ግንባሯን ሳመቻት። ጋዋኖቹ ያን ጊዜ ተጭነው ኮሌጅ ሄደዋል። ዶክተሩ ግን እንኳን ደስ አላችሁ ሊሉን አልመጡም። ሥራ በዝቶባቸው ነው አልን። አንድ ቀን እህቴ በመንገድ አግኝታቸው ስልካቸውን እያዩ አለፏት፤ እሱንም ሥራ በዝቶባቸው ነው አልን። ሰው ማመን ሲፈልግ ስንቱን ይችላል!

ምረቃው ሲቃረብ፣ አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ብቻቸውን መጡ። ፌስታል ይዘዋል። አግዳሚው ላይ አልተቀመጡም። ከፌስታሉ ያንን ጋዋን አውጥተው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩትና፣ ትከሻውና ጎኑ ይሰፋ፣ እጅጌውና ቁመቱም ይርዘም አሉኝ። ለማን ነው? አልኳቸው፤ መልሱን እኮ አውቄዋለሁ፣ ከአፋቸው ልስማው ብዬ ነው። ሁለተኛ ለወጣው ልጅ መሆኑን ነገሩኝ። ሽማግሌዎቹ ተሰብስበው፣ መሬቱ የእኛ፣ ቆርቆሮው የእኛ፣ የመጀመሪያው አስተማሪ ደግሞ የሐበሻው እህት? ዘር ቁጠሪ ቢሏት ሁለት አባት ላይ ለምትቆም ልጅ ነው ያንን ሁሉ የሰጠነው? ብለዋቸዋል። እምቢ ብል ግቢውን ይዘጉታል፣ ስንት ልጅ ሜዳ ላይ ይቀራል አሉኝ። ቀጥለውም ያችን ነገር ተናገሩ።

«የድሮዎቹስ በምን የተጀመሩ ይመስልሃል?» አሉ። «አንድ ባለጠጋ መሬት ሰጠ፣ የእሱ ዘመዶች ገቡ። ትክክለኛው ነገር የመጣው በኋላ ነው። መጀመሪያ ግድግዳው መቆም አለበት።»

መቀሱ እጄ ላይ ነበር፣ አስቀመጥኩት። በዚያ በተሰባበረ ሶማሊኛዬ፣ ቃል እየጎደለኝ፣ እንዲህ አልኳቸው።

«እናንተ አገር ነን፣ እወቁን ብላችሁ የዓለምን ደጅ ስትጠኑ የምትውሉ ሰዎች ናችሁ። ማንም አላወቃችሁም። እንዲህ የሚያደርግ ሕመም ይዟችሁ፣ አንዲት ልጅን ማወቅ አቃታችሁ?»

ዶክተሩ ዓይናቸው ቀላ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር። ጢማቸውን ሁለት ጊዜ ዳሰሱ፣ ውጭ ውጭውን አዩ።

«ለነገ ማታ ይደርሳል?» አሉኝ።

ከሄዱ በኋላ ጋዋኑን ጠቅልዬ ከሰል ካውያው ላይ ላኖረው ነበር፤ ይንደድ፣ የራሱ ጉዳይ ብዬ። እህቴ ቁልፍ ልትገዛ ወጥታ ነበር፣ እዚያው ላይ ደረሰች። ጋዋኑን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ፌስታሉን አየችው። ጎበዝ ተማሪ አይደለች፣ ስሌቱ ወዲያው ገባት። ከእጄ ወሰደችው፣ መኪናው ፊት ተቀመጠች፣ ገልብጣው ትከሻውን ፈለገችና ምላጩን አነሳች። ተይው አልኳት፤ ሌላ ሰፊ ጋ ይውሰዱት፣ እኔ እጄን አላነሳም አልኳት። የምንበላው ከዚህ ሱቅ ነው አለችኝ። ነገ ከዚህ ገበያ የሚያስነሱን ሰዎች እነማን እንደሆኑ አንተም ታውቃለህ አለችኝ።

«ደግሞ አንተ ብትፈታው በንዴት ጨርቁን ትቀደዋለህ፣ ጋሼ» አለች። «ለእኔ ተወው።»

ክር በክር ፈታችው። የገዛ ትከሻዋን፣ አንድም ቦታ ጨርቁን ሳትነካ። እኔ ዞሬ አለቀስኩ፤ ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፣ ደንበኛ ሲገባ እንኳ ማቆም አልቻልኩም። እሷ አላለቀሰችም። ያጠፍኩትን ትርፍ ዘረጋችልኝ፣ እኔም ስፌቱን መኪና ላይ አስኬድኩት። ለወደፊቷ ብዬ የተውኩት ጨርቅ ለልጁ ልክ በቃው።

ምረቃው ላይ አልሄድም ብዬ ነበር፤ እሷ ካልመጣህ አልመረቅም አለች። ሄድኩ። አንደኛ የወጣች ብለው ስሟን ጠሩ፣ የሻይ ፔርሙስ ሸለሟት። አበባ ያለበት ፔርሙስ። ከዚያ የኮሌጁ የመጀመሪያ አስተማሪ ከገዛ ተማሪዎቹ ተብሎ ልጁ ተጠራ። መድረክ ላይ የተማሪውን አወለቀ፣ ዶክተሩ ያንን አለበሱት። ልጁ ቀና አላለም፤ አጨብጭቡ ሲባል እንኳ ወለሉን ነበር የሚያየው። ሽማግሌዎቹ ተነስተው አጨበጨቡ። ዘመድ ከዘመዱ፣ አህያ ከአመዱ። እህቴም ፔርሙሱን ብብቷ ውስጥ ይዛ አጨበጨበች። የእኔ እጅ ግን አልነሳም አለ። ጎረቤታችን አሮጊቷ በእጇ አፏን ይዛ፣ ልጃችንስ? ልጃችንስ? እያለች በክርኗ ትጎሽመኛለች።

እህቴ ወረቀቷን ይዛ አዲስ አበባ ሄደች፤ እዚያ ትምህርቴን እቀጥላለሁ ብላ። እዚያ ያሉት ወረቀቱን ገለባብጠው፣ ይህን የሰጠሽ አገር በእኛ ዘንድ አይታወቅም አሏት። እዚህ ስትኖር እንግዳ ናት ተባለች፣ እዚያ ስትሄድ የማይታወቅ አገር ልጅ። መጨረሻ ላይ ጅጅጋ አንድ ትንሽ ትምህርት ቤት ለሕፃናት መደመርና መቀነስ ማስተማር ጀመረች። አገባች፣ ሴት ልጅ ወለደች። አልሐምዱሊላህ፣ ትኖራለች። መኖርማ እኔም እኖራለሁ።

ኮሌጁ አደገ። ፎቅ ጨመረ፣ ዙሪያው በአጥር ተከበበ፣ የተጠረበ ድንጋይ በር አቆመ። ዩኒቨርሲቲ ተባለ። ሣሩ አሁን በቧንቧ ይጠጣል፣ ፍየል የሚያባርር ዘበኛም አለው። ሰው ከውጭ ሲመጣ፣ ከከተማው ሁሉ አንጋፋው ይህ ነው ይሉታል። ዶክተሩ ሞቱ፤ አላህ ይማራቸው፣ እኔ ግን ገና አልቻልኩም። ልጁ አድጎ ትልቅ ሰው ሆኗል። በየዓመቱ ምረቃ ሲደርስ የአስተማሪዎቹን ጋዋን ለካውያ ወደ እኔ ይልካሉ፤ ያ ጋዋንም አብሮ ይመጣል። ጨርቁ በፀሐይና በአጠባ ወይቧል፤ እኔ ወደ ውስጥ አጥፌው የነበረው ትርፍ ግን ፀሐይ ያየው ዘግይቶ ስለሆነ እስከ ዛሬ ከሌላው ይጠቁራል። ትከሻው ላይና ጎኑ ላይ ጥቁር መስመር ሠርቷል። በመስመሩ ውስጥ ያለውን ጋዋን ብቻ ብታዩት፣ የአጭር ሴት ነው።

አንድ ዓመት ጋዋኑ ሳይመጣ ቀረ። ምነው ብዬ ስጠይቅ፣ ታሪካዊ ስለሆነ በመስታወት ሳጥን ውስጥ አድርገን መግቢያው አዳራሽ ላይ ሰቀልነው አሉኝ። የድሮ ዩኒቨርሲቲዎች እንዲህ ዓይነት ነገር ያስቀምጣሉ አሉኝ። ኤዲያ! አልኩ በሆዴ።

የዚያን ዓመት እህቴ ልጇን ይዛ ለዒድ መጣች። የተማርሽበትን አሳዪኝ ብላ ልጅቷ አስቸገረች። ዘበኛው ሐበሻው ሰፊ ብሎ ስለሚያውቀኝ አስገባን። አዳራሹ ቀዝቀዝ ያለ ነው። ሳጥኑ ፊት ደረስን፤ ከሥሩ «የመጀመሪያው መምህራችን ጋዋን» የሚል ተጽፏል። ልጅቷ መስታወቱን ልትነካ ስትል ዘበኛው አይነካም አላት። እህቴ ቀስ ብላ ተጠጋች፣ ትከሻው ላይ ያለውን ጥቁር መስመር ከዳር እስከ ዳር በዓይኗ ተከተለችው፤ እንደ ልጅነቷ፣ በመንገድ ያገኘችውን ጽሑፍ እንደምታነበው።

«አሁንም ይሆነኛል፣ ጋሼ» አለች።

ዘበኛው ሰዓቱ ደርሷል ብሎ መብራቱን አጠፋና ወጣን።